ሆስፒታል ማልበስ

የምተዳደረው የሕንጻ የውጪ ግድግዳ በማልበስ ሥራ ነው። ክላዲንግ ማለቴ ነው። ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ስነግረው ብዙ ጊዜ የምሰማው «እናንተ ናችኋ ሕንጻውን የምታሳምሩት!» የሚል ነው። አልከራከርም። መንገድ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው የእኛ ሥራ ቀለሙና መስመሩ ነው። ሲመረቅ ፎቶ የሚነሳውም እሱ ነው።

የሆስፒታል ማስፋፊያ ሕንጻ ላይ ከሠራሁ በኋላ ግን ይህቺ «ማሳመር» የምትባል ነገር ትከነክነኝ ጀመር። ሆስፒታል ላይ የሚገጠመው ፓኔል ሆቴል ላይ ከሚገጠመው ብዙ አይለይም። ፓኔሉን ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘው ብራኬት ያው ነው። ብሎኑም ያው ነው። የሚለየው ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰው ነው። የቢሮ ሠራተኛ የእሳት ደወል ሲሰማ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በደረጃ ይወርዳል። መተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ሕመምተኛ የትም አይሄድም። አቧራ ሲያስቸግረው ተነስቶ ሌላ ክፍል አይገባም። ድሪሉ ሲጮህበት «በቃ ነገ እመለሳለሁ» ብሎ አይወጣም። ሥራውን ከባድ የሚያደርገው ይሄ ነው፤ የፎቁ ቁመት አይደለም።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ግድግዳው ራሱ ላውራ።

አሁን አሁን በብዛት የሚሠራው ከጀርባው አየር የሚመላለስበት ክላዲንግ ነው። ከውስጥ ወደ ውጪ ስንሄድ መጀመሪያ ዋናው ግድግዳ አለ፤ ብሎኬት ወይም ኮንክሪት። እሱ ላይ ብራኬቶች ይታሰራሉ። በብራኬቶቹ መካከል ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚከላከለው የድንጋይ ሱፍ ይለጠፋል። ከሱፉ ፊት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዋል። ከዚያ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት ሐዲዶች ይመጣሉ። ፓኔሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚሰቀለው። ሰው የሚያየው ይህንን የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግማሽ ሚሊ የሆኑ ሁለት የአሉሚኒየም ላሜራዎች፣ በመካከላቸው 3 ሚሊ የሚሞላ ነገር። ስለዚያ ስለሚሞላው ነገር በኋላ እመጣበታለሁ፤ ወሬው ረጅም ነው።

ሰው የማያምነኝ ፓኔሉ ውሃ ጭርሱን እንዳያስገባ ሆኖ የተሠራ አይደለም ስል ነው። በፓኔልና በፓኔል መካከል ያለው መጋጠሚያ፣ ጆይንቱ፣ ክፍት ነው። ዝናብ ሲበረታ ጥቂት ውሃ ይገባል። ይግባ። ባዶው ቦታ ውስጥ በፓኔሉ ጀርባ ተንሸራቶ ከታች ይወጣል፤ የቀረውን እርጥበት ከታች ገብቶ ከላይ የሚወጣው አየር ያደርቀዋል። ውሃው ወደ ዋናው ግድግዳ የሚደርስበት ምክንያት የለውም። የሕንጻ ባለቤቶች ይህን ሲያዩ ይደነግጣሉ። «ለምን በሲሊኮን አትደፍነውም?» ይሉኛል። ጃንጥላ ከጎን ክፍት ነው ተብሎ አይወቀስም እላቸዋለሁ። ጆይንቱን በሲሊኮን ከደፈንከው አየሩ ይቆማል፤ ሲሊኮኑ ደግሞ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፤ ያኔ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ሻጋታ የሚመጣው እንዲህ ነው። ሆስፒታል ግድግዳ ውስጥ ሻጋታ ማለት ደግሞ የቀለም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ባዶው ቦታ ሥራ ይሠራል፤ ይህን ያዙልኝ። ያው ባዶ ቦታ በሌላ ቀን ጠላት ይሆናል።

በሥዕል ላይ ሕንጻ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። ሳይት ላይ ቱንቢ ስትጥል ሌላ ታሪክ ትሰማለህ። አንዱ ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ሁለት ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሏል። ከላዩ ያለው ገባ ብሏል። ኮንክሪት ሲሞላ ቅርጹን የሚይዘው ፎርምወርክ ትንሽ ይገፋል፤ የተለመደ ነው። ፓኔሉ ግን ተለክቶ፣ በሚሊ ሜትር ተቆርጦ፣ ጠርዙ ታጥፎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ግድግዳው በሙሉ ቶታል ስቴሽን በሚባል የቅየሳ መሣሪያ ይለካል። የብራኬቱ ርዝመት የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለመዝለል የሚጣደፍ አይጠፋም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ አጭር ብራኬት ይዞ ግድግዳው ፊት የቆመ ቡድን ከማየት የሚያሳዝን ነገር ሳይት ላይ የለም።

ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ የሚይዘው ፊሸርም የራሱ ጣጣ አለው። ኮንክሪት ላይ የሚይዘው ብሎኬት ላይ ላይይዝ ይችላል። በውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ላይ ያለ ፊሸር ሲያዩት የታሰረ ይመስላል፤ ስትጎትተው ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ በመሣሪያ እየተጎተተ ይሞከራል። ብዙ ሰው ንፋስ ፓኔሉን የሚገፋው ይመስለዋል። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን መሳቡ ነው። ንፋሱ ማዕዘኑን ታጥፎ ሲያልፍ ፓኔሉን ወደ ውጪ ይጎትተዋል፤ ለዚህ ነው ማዕዘን አካባቢ ብራኬቶች የሚቀራረቡት። የሆስፒታል ማዕዘን ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ አምቡላንስ የሚገባበት በር አለ። እዚያ ከላይ የሚወድቅ ነገር እንዲኖር የሚፈልግ የለም።

አሉሚኒየም ሲሞቅ ይረዝማል። 3 ሜትር የሆነ ሐዲድ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጣል። ጠቆር ያለ ፓኔል ፀሐይ ሲመታው ሙቀቱ ከአየሩ ሙቀት እጅግ ይበልጣል፤ በሌሊትና በቀትር መካከል 50 ዲግሪ መለያየት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ሐዲዱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠብቆ ይታሰራል። ሌሎቹ ብሎኖች ረዘም ባለ ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ፤ ሐዲዱ ሲፈልግ እንዲንሸራተት። ጥርቅም አድርጎ ማሰር ጥንካሬ የሚመስለው ገጣጣሚ ይህንን ለመቀበል ይቸግረዋል። ሁሉንም ብሎን ያጠበቀ ሰው ግን ፀሐይ ስትወጣ «ቀጭ»፣ ስትገባ «ቀጭ» የሚል ግድግዳ ይሠራል። ቢሮ ላይ ከሆነ ማንም አይሰማውም። ሆስፒታል ላይ ግን ከዚያ ግድግዳ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የአልጋ ራስጌ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያደረ ሰው ጎህ ሲቀድ ዓይኑ ከደን ማለት ሲጀምር ነው ብረቱ መሞቅ የሚጀምረው።

አሁን ወደ አቧራው።

ማስፋፊያ ማለት ነባሩ ሆስፒታል ሥራውን እየሠራ ጎኑ ላይ ሌላ ሕንጻ ማቆም ማለት ነው። የምንሰረስርበት አዲስ ግድግዳ ከነባሩ ዋርድ መስኮት ፊት ለፊት ነው። ሥራ ከመጀመራችን በፊት የዋርዱ ኃላፊ ሲስተር ሳይት ቢሮ ድረስ መጡ። ያመጡት ወረቀት አልነበረም።

«ኢንጂነር፣ ከሦስተኛው ፎቅ መስኮቶች ጀርባ ማን እንደተኛ ያውቃሉ?» አሉኝ።

«አላውቅም ሲስተር።»

«ለደም ካንሰር ሕክምና የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። የእርስዎ አቧራ ለእኔና ለእርስዎ ማስነጠስ ነው። ለእነሱ ሌላ ነገር ነው።»

አስፐርጂለስ የሚባል ሻጋታ አለ። አፈር ውስጥ፣ አቧራ ውስጥ፣ አሮጌ ኮርኒስ ላይ፣ የትም ይኖራል። ዘሩ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ ስለሆነ አየር ላይ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋል። ጤነኛ ሰው በየቀኑ ይተነፍሰዋል፤ ምንም አይሆንም። የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት የወረደ ሰው ሳንባ ውስጥ ሲገባ ግን ሊገድል ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ ከተከሰቱት የዚህ በሽታ ወረርሽኞች በርካቶቹ ከግንባታና ከእድሳት ጋር የተያያዙ ናቸው። ለዚህ ነው በብዙ አገር ሆስፒታል አጠገብ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የኢንፌክሽን ስጋት ግምገማ የሚደረገው። ምን ይሠራል፣ ምን ያህል አቧራ ያስነሳል፣ አጠገቡ ማን ተኝቷል፤ እነዚህ ተጣምረው ጥንቃቄው ይወሰናል።

የእኛ ሥራ በዚህ ምክንያት መልኩን ቀየረ። ስካፎልዲንግ (መወጣጫው) ላይ ፓኔል መቁረጥ ቀረ፤ ሁሉም ተቆርጦ እንዲመጣ ተደረገ። ድሪሎቹ አቧራ የሚስብ ማሽን ተገጠመላቸው። በነባሩ ሕንጻ በኩል ያሉት መስኮቶች ታሸጉ። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀን ግን መስኮት አልነበረም፤ ጣሪያ ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ ነበር። ሆስፒታሉ የሚተነፍስበት አፍንጫ የት እንዳለ ሳታውቅ ስካፎልዲንግ አታቆምም። ከአየር ማስገቢያው ሥር የናፍጣ ጄኔሬተር አስነስቶ የሚሠራ ቡድን ጭሱን በቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል እየላከ ሊሆን ይችላል። ማጣሪያ አለ፤ ግን ማጣሪያ ሽታ አያስቀርም፤ ደግሞም ቶሎ ይደፈናል።

ድምፁ ሌላ ነው። በአየር የሚመጣ ድምፅ በመስኮት ይቀንሳል። ኮንክሪት ስትሰረስር ግን ድምፁ በራሱ በሕንጻው አጥንት ውስጥ ይሄዳል። ነባሩና አዲሱ በተገናኙበት ቦታ አንድ ቀዳዳ ስትበሳ አራት ክፍል ወዲያ ያለው ሰው ትራሱ ውስጥ ይሰማዋል። ኤምአርአይ ማሽን በንዝረት ምስሉ ይበላሻል። የዓይን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ጠረጴዛው እንዲነቃነቅበት አይፈልግም። ስለዚህ የመሰርሰሪያ ሰዓት በፎርማኑ ሳይሆን በኦፕራሲዮን ፕሮግራሙ ይወሰናል። ጠዋት ጠዋት ፕሮግራሙ ይመጣልናል፤ «ከዚህ እስከዚህ ዝም» ይላል። ያን ጊዜ ሱፍ እንለጥፋለን፣ ፓኔል እናወጣለን፣ ብሎን በእጅ እናጠብቃለን። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ተነጫነጩ። በኋላ ለመዱት። እንዲያውም ሥራው ተስተካከለ፤ ዝም ተብሎ የሚሠራ ሥራ ጥንቃቄው ይበዛል። (ሬዲዮ ከፍቶ የሚሠራ ቡድን ይህን አይቀበልም፤ ክርክሩን ለሌላ ቀን።)

ነባሩና አዲሱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ትንሽ ልቆይ።

አዲስ ሕንጻ ይወርዳል። መሬቱ ክብደቱን እስኪለምድ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ነባሩ መውረዱን ጨርሷል። የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ሁለቱ በየራሳቸው ይወዛወዛሉ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ክፍተት ይተዋል፤ ከመሠረት እስከ ጣሪያ። አርክቴክቶች ይህን ክፍተት አይወዱትም። አንድ ወጥ ፊት ነው የሚፈልጉት፤ ነባሩና አዲሱ አንድ ልብስ እንዲለብሱ። ፓኔሉን በክፍተቱ ላይ አሻግሮ መግጠም ታዲያ ቀላል ይመስላል። ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡን ለቄስ። ሁለት ሕንጻ ላይ የታሰረ አንድ ፓኔል ወይ ይቀደዳል ወይ ብሎኑን ይነቅላል። እኔ ክፍተቱ እንዲታይ ነው የምከራከረው። በሁለቱ መካከል ጠቆር ያለ ጥልቅ መስመር ተወው፤ በመስመሩ ውስጥ የሚንሸራተት ሽፋን አስገባበት። ሕንጻው ሁለት ጊዜ እንደተሠራ መታየቱ ነውር የለውም። ሆስፒታል እንደዚያ ነው የሚያድገው፤ አንድ ክንፍ፣ ከዚያ ሌላ ክንፍ።

ክፍተቱን ያነሳሁት ግን ለመልኩ ብዬ አይደለም። ለእሳት ነው።

ሆስፒታል ሲቃጠል ሁሉም ሰው ወደ ውጪ አይሮጥም። አይችልም። ጽኑ ሕሙማንን ከነማሽናቸው በደረጃ ማውረድ ራሱ ይገድላል። ስለዚህ ሆስፒታሎች ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ። እያንዳንዱ ፎቅ እሳት በማያሳልፉ ግድግዳዎችና በሮች ይከፋፈላል። አንዱ ክፍል ሲነድ አልጋዎቹ እየተገፉ በዚያው ፎቅ ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወራሉ። ወደ ጎን ነው የሚሸሸው። እሳቱ ከተከተለ ደግሞ አንድ ክፍል ይጨመራል። ደረጃ መውረድ የመጨረሻው ነው። ማስፋፊያ ሲሠራ አዲሱ ክንፍ የነባሩ መሸሻ ይሆናል፤ ነባሩም የአዲሱ። ሐኪሞቹና ነርሶቹ የሚሠለጥኑት በዚህ ነው።

አሁን ያንን ባዶ ቦታ አስቡት። ከፓኔሉ ጀርባ የተውነውን፣ አየር የሚመላለስበትን። በሕንጻው ፊት ላይ ሁሉ ይሄዳል። በውስጥ በኩል እሳት የሚከለክለው ግድግዳ ተሠርቷል፣ በሩ ተገጥሟል፣ ሰዓት ተቆጥሮለት ተፈትኗል። የእኛ ባዶ ቦታ ግን በውጪ በኩል ያንን ግድግዳ ዞሮ ያልፈዋል። እሳቱ በአንድ መስኮት ወጥቶ በክላዲንጉ ውስጥ ተሻግሮ መሸሻ በተባለው ክፍል መስኮት ሊገባ ይችላል። ጠባብ ክፍተት ውስጥ የገባ ነበልባል አየር ፍለጋ ይረዝማል፤ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሊረዝም ይችላል። ከውጪ ቆመው የሚያዩ ሰዎች ላያዩት ይችላሉ፤ ከፓኔሉ ጀርባ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ባዶው ቦታ ይቆራረጣል። በየፎቁ ወለል ልክ፣ እሳት በሚከለክለው ግድግዳ ልክ፣ በመስኮት ዙሪያ፣ በነባሩና በአዲሱ መካከል ባለው ክፍተት ላይ የእሳት መዝጊያ ይገባል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣው ከሱፍ የተሠራ ነው፤ ግድግዳውንና ፓኔሉን ሁለቱንም ነክቶ ጥብቅ ይላል። አግድም የሚሄደው ግን ጥብቅ ካለ አየሩን ይዘጋዋል። ለዚህ ፊቱ ላይ ሲሞቅ የሚያብጥ ጥብጣብ ያለው መዝጊያ ይገጠማል። በደህና ቀን አየርና ውሃ ያሳልፋል። እሳት ሲነካው አብጦ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ስለ ሥራዬ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ጥብጣብ ነው። ሃምሳ ዓመት ምንም ሳይሠራ ሊቀመጥ ይችላል።

ችግሩ መዝጊያው የሚገጠምበት ጊዜ ነው። ከሱፉ በኋላ፣ ከፓኔሉ በፊት። ፓኔል ለመስቀል ሁሉም የሚጣደፍበት ሰዓት። አንድ ክንድ ያህል መዝጊያ ብራኬት አስቸግሮት ቢዘለል ፓኔሉ ሲሰቀል ማንም አያየውም። ስለዚህ በእኛ ቡድን ፎቶ ሳይነሳ ፓኔል አይዘጋም። እያንዳንዱ ፎቶ ላይ የፎቁ ቁጥርና የአክሱ (በሥዕሉ ላይ ያለው የዓምድ መስመር) ፊደል በቾክ ተጽፎ ይታያል። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ራሱ ስካፎልዲንጉ ላይ ወጥቶ በእጁ ይነካል። እጅ ከካሜራ ይበልጣል፤ የላላውን ካሜራ አያውቀውም።

አሁን ወደ 3 ሚሊዋ።

በሁለቱ የአሉሚኒየም ላሜራዎች መካከል ያለው ነገር ፖሊኢትሊን የሚባል ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በአብዛኛው ማዕድን የሆነ ድብልቅ። ሁለቱም ፓኔሎች ከፊት ሲታዩ አንድ ናቸው። ፖሊኢትሊን በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ከናፍጣ ጋር ይቀራረባል። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል፤ የሕንጻ እሳት ይህንን በቀላሉ ያልፈዋል። ላሜራው ሲላቀቅ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ እየነደደ ይንጠባጠባል። የድንጋይ ሱፍ ግን ከ1000 ዲግሪ በላይ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ሜልበርን ውስጥ አንድ የመኖሪያ ፎቅ በረንዳ ላይ የተተወ ሲጋራ ያስነሳው እሳት በደቂቃዎች ውስጥ በክላዲንጉ ተሳቦ ጣሪያ ደረሰ። ሰው አልሞተም። ከዚያ እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የሚባለው ባለ 24 ፎቅ የመኖሪያ ሕንጻ ተቃጠለ። እሳቱ የጀመረው 4ኛ ፎቅ ላይ ያለ ማእድ ቤት ውስጥ ካለ ማቀዝቀዣ ነው። ሕንጻው የለበሰው ባለ ፖሊኢትሊን ፓኔል ነበር፤ የለበሰውም እድሳቱ በተጠናቀቀበት በ2016 ነው። 72 ሰዎች ሞቱ። ነዋሪዎቹ ባሉበት እንዲቆዩ ነበር የተነገራቸው፤ ሕንጻው እሳቱን በየቤቱ ይዞ ያቆያል ተብሎ ስለታሰበ። ልብስ ባይለብስ ኖሮ ምናልባት ይይዘው ነበር።

ይህን ሳነብ ሆስፒታሉን ነው ያሰብኩት። ከሕንጻው ሳይወጡ መቆየት ለሆስፒታል ምክር ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌላ አማራጭ የሌለበት እውነታ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 እንግሊዝ ከ18 ሜትር በላይ በሆኑ የመኖሪያ ሕንጻዎች የውጪ ግድግዳ ላይ የሚነድ ነገር እንዳይገባ ስትከለክል ሆስፒታሎችንም ጨምራ ነበር። የሚፈቀዱት በአውሮፓ የእሳት ምደባ ኤ1 (የማይነድ) ወይም ኤ2 (እጅግ በጥቂቱ ብቻ የሚነድ) የሚባሉት፣ ጭሳቸው አነስተኛ የሆነና የሚነድ ጠብታ የማያወርዱት ብቻ ናቸው። እኔ ቁመቱን አልጠብቅም። ባለ ሦስት ፎቅ ሆስፒታል ውስጥም ሰው በማሽን ይተነፍሳል።

አንድ ሥራ ላይ ፓኔል ጭኖ የመጣ አቅራቢ ሰርተፍኬት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ማኅተም አለው። የተፈተነው ፓኔል ኤ2 ነው ይላል። ከመኪናው የወረደው ፓኔል ጀርባ ላይ የታተመው የምርት ስም ግን ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ አይደለም፤ በመጨረሻው ፊደል ይለያል። «ያው ነው፣ ስሙን ቀይረውት ነው» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም አልለቀቅኩም። ያቺ አንድ ፊደል በፕላስቲክና በማዕድን መካከል ያለች ልዩነት ልትሆን ትችላለች። የተቆረጠውን ጠርዝ አይቶ በዓይን መለየት አይቻልም፤ ቀለሙ ያታልላል። ለኩሶ ማየትም ፈተና አይደለም። ቁራጭ ተወስዶ ወደ ላብራቶሪ ይላካል። እስከዚያ ፓኔሉ መሬት ላይ ይቀመጣል። ተቀመጠም። ሁሉም ተቆጣ፤ ባለቤቱ፣ ኮንትራክተሩ፣ የእኔው አለቃ። ውጤቱ ሲመጣ ፓኔሉ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ያለ ላብራቶሪ ፓኔል አልቀበልም፤ ስካፎልዲንግ ስንት ቀን ቢቆምም።

ከእሳት ወደ መስኮት ልውጣ፤ በመስኮት በኩል የሚያዩን ሰዎች አሉና።

ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት አወጣ። ፔንስልቬንያ ውስጥ ባለ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አነጻጸረ። ግማሾቹ የተኙበት መስኮት ወደ ዛፎች ያያል። የግማሾቹ ወደ ጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቀደም ብለው ወጡ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት ባነሰ መጠን ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን ከዚያ ወዲህ የሆስፒታል ዲዛይን የሚሠሩ ሰዎች ይጠቅሱታል።

እኔ ሳነበው ራሴን በሌላው ወገን አገኘሁት። እኔ ግድግዳውን የምሠራው ሰው ነኝ። ማስፋፊያ ሲሠራ ቀድሞ ዛፍ ወይም ሰማይ ያይ የነበረ መስኮት የእኛን ፓኔል ማየት ይጀምራል። ከእንግዲህ ለዓመታት እዚያ የሚተኛ ሰው ሁሉ የሚያየው የእኔን ጆይንት ነው። አርክቴክቱ የሚያብረቀርቅ ነጭ ፈልጎ ነበር። ናሙናውን ነባሩ ዋርድ ፊት ለፊት ሰቀልንና ከሰዓት በኋላ ገብተን አየነው። ፀሐዩ ከፓኔሉ ነጥሮ ትራስ ላይ ያርፋል። አልጋ ላይ ያለ ሰው ፊቱን ማዞር ካልቻለ ምን ያደርጋል? ወደማያብረቀርቅ፣ ፈዘዝ ወዳለ ቀለም ተለወጠ። በሥዕል ላይ ይህ አይታይም፤ ትራሱ አጠገብ መቆም አለብህ።

ስንሠራም ያዩን ነበር። አንድ ሽማግሌ መስኮቱ ጋ ወንበር አስቀርበው ቀኑን ሙሉ ይከታተሉን ነበር። ድምፃቸው አይሰማንም፤ መስኮቱ ታሽጓል። ግን አንድ ፓኔል ዘመም ሲል እጃቸውን አዘንብለው ያሳዩናል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ ውሃ ልክ ያስቀምጣሉ። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ልክ ነበሩ።

ርክክቡ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ፓኔሉ ላይ ያለው መከላከያ ላስቲክ ፀሐይ ላይ ከቆየ ሙጫው ይደርቅና አይላቀቅም፤ በጊዜ ይነሳል። ላስቲኩ ላይ ቀስት አለ፤ ሁሉም ፓኔል ቀስቱ ወዳንድ አቅጣጫ ሆኖ ካልተሰቀለ ብረታማ ቀለም ያለው ግድግዳ በፀሐይ ጨለምለም፣ ፈካ ፈካ ይላል። ይህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ነው። ሆስፒታል አርፎ አይቀመጥም። አዲስ ማሽን ይገባል፤ ለእሱ ኬብል ይሳባል፤ ለኬብሉ ግድግዳ ይበሳል። የሚበሳው ሰው ስለ እሳት መዝጊያችን አያውቅም። በመሐሉ ቧንቧ አሳልፎ ፎም ነፍቶበት ይሄዳል። ሱፉንና ጥብጣቡን ስንገጥም የደከምንበት ሁሉ በአንድ ከሰዓት ከንቱ ይቀራል። ለዚህ ስል ለሆስፒታሉ የጥገና ኃላፊ ፋይሉን በእጄ ነው የሰጠሁት፤ ፎቶዎቹን፣ የላብራቶሪውን ውጤት፣ መዝጊያዎቹ በቀይ የተሰመሩበትን ሥዕል። ስለ ቀለሙ ጥቂት ያመሰግነኛል ብዬ ነበር።

«ይሄ ፓኔል ከመሐል አይፈታም አይደል? ከየትኛው ነው የሚጀመረው?» አለኝ።

ልክ ነበር። ፓኔሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚያርፉ ከመሐል ዝም ብሎ አንዱን ማውጣት አይቻልም። በየፎቁ ቀድመው የሚፈቱትን ሥዕሉ ላይ አከበብንለት። ከዚያው የቀለም ባች ትርፍ ፓኔሎችም ከነላስቲካቸው ምድር ቤት አስቀመጥንለት። ግድግዳ ለመብሳት የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱ ጋ እንዲፈርም መዝገብ አዘጋጅቶ ነበር፤ ራሱ ያሰበው ነው። የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ እንድሆን አደረገኝ፤ የረሳነው አንድ የውሃ መውረጃ ቧንቧ ነበር፣ መታሰር የሚፈልግ።